የሚስ ሃቪሻም ቬሎ በማን ልክ ይሰፋል?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ድሬዳዋ የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። ከቻርልስ ዲከንስ «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» ውስጥ ትንሹ ፒፕ፣ ሠርጓ ከፈረሰ ጀምሮ የሙሽራ ቀሚሷን ያላወለቀችውን ሚስ ሃቪሻምን መጀመሪያ የሚያይበትን ክፍል ከተማሪዎቼ ጋር በቪዲዮ ልንቀርጽ ነው። የቪክቶሪያ ዘመን ስለሆነ በሽቦ ጁፖን የሚወጠር ሰፊ ቬሎ ልንከራይ አስበናል። ያዋጣል? ደግሞ ዴቪድ ሊን ከመጽሐፉ የሠራውን እ.ኤ.አ. የ1946 ፊልም ስናይ የብረት ቀጥቃጩ ቤት ሠራተኛ የሆነው ኦርሊክ የለበትም። እኛስ ሰው መቀነስ እንችላለን?

መልስ፦ ልጄ፣ ቬሎውን ተዪው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1860 እና በ1861 በየሳምንቱ እየታተመ ሲወጣ የለንደን ሴቶች በእርግጥ የሽቦ ጁፖን ይለብሱ ነበር። የፒፕ ልጅነት ግን ከዚያ በብዙ ዓመታት ይቀድማል፤ ቪክቶሪያ ገና አልነገሠችም። ሴትዮዋ ደግሞ ሠርጓ ከፈረሰ ዘመን አልፏል። ስለዚህ ሽቦ የለም።

ዋናው ነገር ልኩ ነው። እኔ አንድ ጊዜ የባልቴት ቀሚስ በተዋናይቷ ልክ ጥብቅ አድርጌ ሰፍቼ፣ መድረክ ላይ ትናንት የተገዛ መሰለ። ዲከንስ እንደሚለው ቀሚሱ የተሰፋው ሞላ ላለች ወጣት ነው፤ አሁን የለበሰችው አጥንቷ የቀረ ሴት ናት። ተማሪሽን አትለኪያት። ወፈር ያለች ጓደኛዋን ለክተሽ ስፊ፣ ከዚያ ለእሷ አልብሻት። ትከሻው ይውረድ፣ ደረቱ ይጨማደድ፤ ጠባብ እንዳታደርጊው!

ጨርቁ አቡጀዲ ይሁን፣ አንገቱና እጅጌው ላይ ዳንቴል። ያረጀ ቢጫ እንዲመስል ወፍራም ሻይ አፍልተሽ ዘፍዝፊው፤ ጫፉንና ብብቱን ደግመሽ ንከሪ። የኪራይ ቬሎ ብዙው ፖሊስተር ነውና ሻይ አይዘውም፤ ቢይዘውስ ለባለቤቱ ምን ትያለሽ? የሊን ፊልም ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቢጫው አይታይም፤ እርጅናውን የሸረሪት ድሩና መብራቱ ይናገራሉ። የእናንተ ግን ባለ ቀለም ነው።

ጫማዋም አንድ እግር ብቻ ነው፣ ሌላው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ጫማ የሌለው እግር ካልሲው ተበጣጥሷል። ልጅቷ ያንን ካልሲ ሳምንት ሙሉ ቤቷ ሲሚንቶ ላይ ትሂድበት፤ መቀስ የቆረጠው ያስታውቃል።

ኦርሊክን ከሆነ፣ እናንተ በምትቀርጹት ክፍል ውስጥ መች አለና!

ሻማውን በባትሪ የሚበራ ግዙ። የዚህች ሴትዮ ቀሚስ ኋላ በእሳት እንደሚያያዝ አንብበሻል።