ሕክምና ሲራቀቅ የእግዚአብሔር ድርሻ ይቀንሳል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ወንድሜ በመኪና አደጋ ህብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ እግሩ አልታዘዝ ካለው ዓመት ሆነው። ጸበል እያስጠመቅነው ነው። በቅርቡ ናኖ በሚባል ሕክምና የተጎዳ ነርቭ እንደገና እንዲያድግ እየተሞከረ ነው ሲባል ሰማሁ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ግን ፈራሁ። የፈጣሪን ሥራ መቀማት አይሆንም? እዚያ ላይ ተስፋ ማድረጌስ እምነቴን አያጎድለውም?

መልስ፦ እኅቴ፣ ወንድምሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ።

ይህን ፍርሃት ብዙ ምእመናን ላይ አይቼዋለሁ። «ሐኪም ሲያቅተው እግዚአብሔር አለ» ማለት ለምደናል። ሐኪም ያልቻለው የእግዚአብሔር፣ የቻለው ደግሞ የሰው ብቻ ይመስለናል። ስለዚህ ሕክምናው ወደፊት በሄደ ቁጥር እግዚአብሔር የተገፋ መስሎን እንደነግጣለን። ቢላ የቆረጠው ጣትሽ በሳምንቱ ሲገጥም ማን የገጠመው መሰለሽ?

የሰማሽው ወሬ መሠረት አለው። በ2021 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ፣ ሳሙኤል ስተፕና ባልደረቦቹ ህብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ አይጦችን አንድ መርፌ ወጓቸው። ፈሳሹ ሰውነት ውስጥ ሲገባ በናኖ ሜትር የሚለኩ ክሮች ይሆናል። ናኖ ሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ክሮቹ ነርቭ አይፈጥሩም። ሴሎቹ እንዲጠገኑ ምልክት ይሰጣሉ እንጂ። አይጦቹ በአራት ሳምንት ውስጥ መራመድ ቻሉ፤ ክሮቹም በ12 ሳምንት ውስጥ ሟሙተው ጠፉ። ምልክቱን ሰምቶ የሚያድገው ያው እግዚአብሔር የፈጠረው ሴል ነው።

ንጉሥ ሕዝቅያስ ታሞ ሲያለቅስ እግዚአብሔር «እነሆ እፈውስሃለሁ» አለው። ቃሉ አንዴ ወጥቷል። ኢሳይያስ ግን የበለስ ጥፍጥፍ አስመጥቶ ቍስሉ ላይ አስደረገለት (2ኛ ነገ. 20፥5-7)። ነቢዩ እምነት ጎድሎት አይደለም። ቃሉንም በለሱንም የሰጠው አንድ እግዚአብሔር ነው። ስለዚህ ተስፋ አድርጊ፤ ኃጢአት የለበትም።

አንድ ነገር ግን ጠንከር አድርጌ ልንገርሽ። ይህ የታየው በአይጥ ላይ ነው፤ መርፌውም የተወጋው ጉዳቱ በደረሰ ማግስት ነበር። ወንድምሽ ዓመት አልፎታል። «ሕክምናው እኛ ጋ አለ፣ ገንዘብ አምጡ» የሚል ሰው ቢመጣ ቤታችሁን እንዳትሸጡ። «ጸበል ላይ ነው» ብላችሁም ፊዚዮቴራፒውን እንዳታቋርጡበት። መድኃኒታቸውን ጥለው ጸበል ቦታ የተጎዱ ሰዎች አይቻለሁ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል። ጀርባው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡት። ይህም አገልግሎት ነው፣ ቅዳሴ ቀረብኝ ብለሽ አትዘኚ።

ጸበሉንም ቀጥሉ። የክርስትና ስሙን ላኪልኝ።