መልስ፦ ለወላጆች በሚላከው የክፍል ዜና ምን ይጻፍ?
የሁለተኛ ክፍል መምህር እንደሆኑና በየሳምንቱ የሚልኩትን የክፍል ዜና አብዛኞቹ ወላጆች እንደማያነቡት ገልጸው፣ ምን ቢጽፉ እንደሚሻል ጠይቀዋል። በእኔ እምነት ዋናው ችግር ዜናው ስለ ትምህርቱ በጥቅሉ ብቻ መናገሩ ነው። «በዚህ ሳምንት ሒሳብ ተምረናል» የሚል ዓረፍተ ነገር ለወላጅ ምንም አይነግረውም፤ «ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥሮችን መደመር ጀምረናል፤ 27 እና 15 ሲደመሩ 1 ወደ አሥር ቤት ለምን እንደሚሻገር ልጅዎ እንዲያስረዳዎት ይጠይቁት» ቢባል ግን ማታ ከልጁ ጋር የሚነጋገርበት ቁም ነገር ያገኛል። «ዛሬ ምን ተማርክ?» ብሎ «ምንም» የሚል መልስ ብቻ ለሚሰማ ወላጅ ይህ ትልቅ እገዛ ነው።

የትምህርት ጉብኝት ሲኖር የመነሻና የመመለሻው ሰዓት፣ የሚያስፈልገው ልብስና ምግብ፣ የአጃቢዎቹ ማንነትና የፈቃድ ቅጹ የሚመለስበት ቀን ከሌላው ዜና ተለይተው በራሳቸው ገጽ ይስፈሩ፤ አለርጂ ያለበትን ወይም በመንገድ ላይ መድኃኒት የሚወስድን ልጅ ወላጁ አስቀድሞ የሚያሳውቅበት ቦታም ከቅጹ ላይ ፈጽሞ አይቅር። ከጉብኝቱ በኋላ ልጆቹ ያዩትን በራሳቸው ቃል የጻፉባቸውን አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ያውጡ። ፎቶግራፍ ግን ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ መውጣት የለበትም።