ብሬከሩን በትልቅ እንዳታስቀይሪ

እህቴ፣ ምጣድ ስትጥጂ ጥቂት እንጀራ ከወጣ በኋላ ብሬከሩ እንደሚወርድ፣ የጠራሽው ባለሙያም «በ32 አምፔር እንቀይረው» እንዳለሽ ጽፈሻል። እባክሽ እሺ እንዳትዪው!

1. መቼ እንደሚወርድ ልብ በይ። እንዳነሳሽው ወዲያው ከወረደ ሽቦ ከሽቦ ተገናኝቷል፤ ደጋግመሽ አታንሺው። እንዳንቺው ቆይቶ የሚወርድ ከሆነ ግን ነገሩ ሙቀት ነው፦ ወይ ጭነት በዝቷል፣ ወይ የላላ ብሎን አለ።

2. ጭነቱን አስይ። 3500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይፈልጋል። በዚያው መስመር ላይ ስቶቭ ወይም የውሃ ማሞቂያ ካለ ነቅለሽ ሞክሪ። እኔ ሁሉን ነቅዬ ምጣዱን ብቻ ብተውም ወረደ። የጠራሁት ሰውዬ ሳጥኑን በቅጡ እንኳን ሳያይ የነበረውን ባለ 16 አምፔር ብሬከር አውጥቶ ባለ 32 ገጠመና ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። በእርግጥ መውረዱ ቆመ። ብዙም ሳይቆይ ግን ከብሬከር ሳጥኑ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸት ጀመር። ብሬከር የሚጠብቀው ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው፤ የእኛው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ደግሞ 32 አምፔር አይችልም። ልጆቼ የሚተኙት ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ነው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ደንግጬ ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎት መስጫ ቢሮ ብሄድ፣ መስኮቱ ላይ የነበረችው ሠራተኛ ቀና ብላ ሳታየኝ «ከቆጣሪ ወዲህ ያለው የራሳችሁ ጉዳይ ነው» አለችኝ። አሠራሩ እንደዚያ መሆኑ አይጠፋኝም፤ ቤቴ ሊቃጠል ነው ላለ ሰው ግን እንዲህ ይመለስለታል?

ያዳኑን በሰፈራችን ያሉ ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ናቸው። ዋናውን አጥፍተው ክዳኑን ሲከፍቱ የምጣዱ መስመር ብሎን በጣት ይዞራል፤ የሽቦው ፕላስቲክ ጠቁሮ ሲነኩት ይረግፋል። ለካ ያ ሰውዬ የተቃጠለውን ጫፍ ሳይቆርጥ መልሶ ከትቶታል! በላላ ብሎን በኩል ብዙ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ይግላል፤ ግለቱ ብሬከሩ ውስጥ ገብቶ ያወርደዋል። መጀመሪያም ችግሩ ይኸው ነበር። እኚህ አባት ጫፉን ቆርጠው አጠበቁት፤ 32ቱን አውጥተው 16ቱን መለሱ፤ ለምጣዱም ለብቻው ባለ 4 ሽቦ ከ20 አምፔር ብሬከር ጋር ዘረጉልኝ። አሁን ሊጡ እስኪያልቅ ያለ ሐሳብ እጋግራለሁ፤ ጎረቤቶቼም የእነሱን ሳጥን እንድመለከትላቸው እየጠሩኝ ነው።

3. ባለሙያው ሲመጣ አጠገቡ ቁሚ። ዋናውን ያጥፋ፣ ክዳኑን ይክፈት፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ያጥብቅ፣ የሽቦውን ውፍረት ይንገርሽ። ይህን ሳያደርግ አዲስ ብሬከር ከቦርሳው ካወጣ አመስግነሽ ሸኚው።