አህያዋ የቡሪዳን ናትን?

ጥያቄ፦ በሁለት እኩል የድርቆሽ ክምር መካከል ቆማ መምረጥ አቅቷት በረኃብ ሞተች የምትባለው አህያ በስሙ የምትጠራበት ቡሪዳን ማን ነበር? (አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዣን ቡሪዳን በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ፈረንሳዊ ፈላስፋ ነው። አህያዋ ግን በጽሑፎቹ ውስጥ አትገኝም፤ በሰኞ ገበያችንም እንዲህ የምታመነታ አህያ አላየንም። ይልቁንም ሊታወስ የሚገባው ስለ እንቅስቃሴ ባስተማረው ነው። አርስቶትል የተወረወረ ድንጋይ ከእጅ ከወጣ በኋላ የሚገፋው አየሩ ነው ሲል፣ ቡሪዳን የወፍጮ ድንጋይ የሚያዞረው እጅ ከተነሣለት በኋላ እንኳ ቦታውን ሳይለቅ፣ ማለትም ከኋላው ገብቶ የሚገፋው አየር ሳይኖር፣ መሽከርከሩን እንደሚቀጥል አመልክቶ፣ ወርዋሪው በተወርዋሪው ውስጥ የሚያሳድረው፣ በፍጥነቱና በቁሱ መጠን ልክ የሚበዛ «ኢምፔተስ» የተባለ ኃይል እንዳለ አስረዳ። ስለ እንቅስቃሴ ባጠናው ይበልጥ የሚታወቀው ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ጋሊሊዮ የተወለደው ቡሪዳን ከሞተ ሁለት መቶ ዓመታት ያህል በኋላ ነው።