ጠዋት ጥይት፣ ሲሞቅ ለጋሚ፦ ስለ አሮጌ ፒካፖች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ዘመዳሞች ናቸው፤ ጠዋት ደህና የነበረች ፒካፕ ከሞቀች በኋላ ጉልበት ታጣለች። ወደ መልሱ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ለዩልኝ፦ የሞቀው ምኑ ነው? ሞተሩ፣ ናፍጣው፣ ፍሬኑ? ወይስ ምንም ሳይሞቅ ሰዓት ብቻ ነው የሄደው? ይህ ሳይታወቅ የሚገዛ ዕቃ ሁሉ ግምት ነው፤ ግምቱን የሚከፍለው ደግሞ ባለመኪናው ነው።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ጋሼ፣ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ናት፣ 3ኤል ናፍጣ ሞተር። ግማሽ ሰዓት ከነዳኋት በኋላ አቀበት ላይ ብረግጣት አትሰማም። ትንሽ አቁሜ ስነሳ ትድናለች። መካኒኩ ፖምፓ ይቀየር ብሏል።

መልስ፦ ቆማ የምትድን ከሆነ ፖምፓውን (ናፍጣ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገፋውን) ለጊዜው ተወው። ታንኩ ውስጥ ናፍጣ በቀነሰ ቁጥር በምትኩ አየር መግባት አለበት። የክዳኑ መተንፈሻ በአቧራና በጭቃ ሲደፈን ግን ታንኩ ውስጥ መሳብ ይፈጠርና ናፍጣው ወደፊት መሄድ ያቅተዋል፤ ስትቆም አየሩ ቀስ እያለ ሾልኮ ስለሚገባ የዳነች ይመስልሃል። እዚህ ላይ ሙቀት የለበትም፣ ሰዓት ነው። ስትደክም ዳር ይዘህ አቁም፣ ሞተሩን ሳታጠፋ ክዳኑን ክፈት። «ፊሽ» ብሎ አየር ከሳበና ወዲያው ጉልበት ካገኘች፣ ፖምፓ ሊገዛበት የነበረውን ብር ኪስህ አድርገህ ክዳን ግዛ።

ካልሳበ፣ የናፍጣ ፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ በደከመችበት ሰዓት ተጫናት። ተጭና ከቀረች ወይም እየተጎተተች ከተመለሰች ከታንኩ እስከ ፊልትሮው ድረስ መንገዱ ጠቧል ማለት ነው። ታንኩ ውስጥ ያለችውን ወንፊት ተመልከት፤ የጎማ ቱቦዎቹንም አትርሳ፣ ያረጀ ቱቦ ውጪው ደህና ሆኖ ውስጡ ይላጥና መንገዱን ይዘጋል። ፊልትሮውን ግን ሳትከራከር ቀይረው፣ ርካሽ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ፖምፓው ራሱ ማርጀቱ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ ጠዋት በአንድ ቁልፍ ተነስታ፣ ሞቃ ጠፍታ ስትመለስባት አልነሳም ካለች ፖምፓውን መጠርጠር ያስኬዳል። የእነዚህ አሮጌ ሞተሮች ፖምፓ ውስጡ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው። ብረቶቹ እጅግ ተጠጋግተው ስለሚሠሩ ትንሽ ሲበሉ፣ የሞቀ ቀጭን ናፍጣ በመካከላቸው ያመልጥና ወደ ሲሊንደሩ የሚገፋው ያንሳል። ቀዝቃዛ ናፍጣ ወፈር ስለሚል ጉድለቱን ይሸፍነዋል። ሞቃ አልነሳም ስትል ጨርቅ በውኃ አርጥበህ ፖምፓው ላይ ጠቅልል፣ ጥቂት ጠብቅና አስነሳ። ከተነሳች ፖምፓው ተበልቷል። አንዳንዱ ባልዲ ውኃ ይደፋበታል፤ ይህን አታድርጉ፣ የጋለ ፖምፓ ድንገት ቀዝቅዞ ሊነክስ፣ ማለትም ተጣብቆ ሊቀር ይችላል።

ከማስፈታትህ በፊት ግን አንድ ሙከራ ጠይቅልኝ። ንጹሕ ናፍጣ በጀሪካን ይዘጋጅ፣ በአዲስ ፊልትሮ በኩል በቀጥታ ለፖምፓው ይሰጠው፤ መመለሻውም ወደ ጀሪካኑ ይግባ። ጀሪካኑ ከጋለ ነገር ርቆ በደንብ ይታሰርና መኪናዋ በደከመችበት አቀበት ላይ ትሞከር። ጉልበቷ ከተመለሰ ጥፋቱ ከኋላ፣ ከታንኩ እስከ ፊልትሮው ባለው መንገድ ነው እንጂ ፖምፓው ላይ አይደለም። ይህን ሙከራ «ጊዜ ማባከን ነው» የሚል መካኒክ ካጋጠመህ ሌላ ፈልግ። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣም ማለስለስ ስለማይችል ፖምፓ ይበላል፤ ከየትም የመጣ የጀሪካን ናፍጣ የምትገዙ አስቡበት።

ጥያቄ (በዕድሜ የገፉ ባለመኪና ናቸው)፦ ልጄ፣ የዓባይን በረሃ ወደ ደጀን ስወጣ የሙቀት ጠቋሚው ከግማሽ ያልፋል፣ ጉልበትም ይወርዳል። ቴርሞስታቱን (ውኃው ሲሞቅ ተከፍቶ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈውን) መካኒክ አውጥቶ ጥሎታል።

መልስ፦ አባቴ፣ እሱን ይመልሱት። «ኢትዮጵያ ሞቃት ናት፣ ቴርሞስታት አያስፈልግም» የሚለው ወሬ ብዙ ሞተር ጎድቷል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት፣ ውኃው በራዲያተሩ ሳያልፍ የሚዞርበትን አቋራጭ ይዘጋል። ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ሜዳ ላይ አይታወቅም፣ አቀበት ላይ ግን ይጋለጣል። ከድልድዩ እስከ ደጀን ከ1,300 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ሳያርፉ ነው የሚወጡት።

ቀጥሎ ፋኑን ይዩ። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ በእጅ ሲገፉት ያለ ምንም መጎተት የሚሽከረከር ከሆነ ከሞተሩ ጋር የሚያይዘው መያዣ ደክሟል። የራዲያተሩ ክዳንም ግፊት መያዝ አለበት፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚያቆየው የክዳኑ ግፊት ነው። የሞቀ ራዲያተር ግን እንዳይከፍቱ። ጠዋት በብርዱ ተነስታ፣ ገና ሳትሞቅ የራዲያተሩ ቱቦ በደቂቃዎች ውስጥ ከተወጠረ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ በሲሊንደሮቹና በሞተሩ ራስ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ያሠጋል።

ደግሞ ሁሉም ጥፋት አይደለም። ደጀን ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠለሉ በአምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ አየር በግፊት የሚያስገባ ተርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ቢደክም የተፈጥሮ ነው።

ጥያቄ፦ የኔዋ ጭስም የላትም፣ ሙቀትም አትጨምርም፤ እንዲሁ ከባድ ትሆናለች። ነዳጅም ትበላለች።

መልስ፦ ፍሬን ይመስለኛል። ሜዳ ላይ ማርሹን ዜሮ አድርገህ ልቀቃት፤ እንደ ጠዋቱ የማትንሸራተት ከሆነ አቁመህ ቸርኬዎቹ ላይ ጥቂት ውኃ እርጭ። አንዱ ብቻ «ጭስ» ካለ አገኘኸው። ሳይቀዘቅዝ ያን ጎማ በክሪክ አንሳና በእጅህ አዙር። አልዞርም ካለ የፍሬኑን የአየር ማስወጫ ቡሎን ትንሽ ፍታ፤ ዘይት ፊን ብሎ ወጥቶ ጎማው ከተለቀቀ ግፊት ታግቶ ነበር፣ ማለትም ቱቦው ውስጡ አብጧል ወይም ዋናው የፍሬን ፖምፓ አይመልስም። አሁንም ከያዘ ፒስተኑ ወይም ሸራው ነው። የሞተር ዘይት በፍሬን ዘይት ቦታ ተጨምሮ ከሆነ ጎማ የሆነው ሁሉ ስለሚያብጥ አራቱም ይይዛሉ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ባለ ካርቡራተር ቤንዚን ናት፣ ሞተሯ 22አር። ስትሞቅ ትንገጫገጭና ትጠፋለች።

መልስ፦ እህቴ፣ የጠፋችበት ቅጽበት ላይ እሳት አላት ወይ? ትርፍ ካንዴላ ከነሽቦው ሞተሩ ብረት ላይ አስነክተሽ፣ ቤንዚን ከሚሸትበት ርቀሽ አስነሺ። እሳቱ ከሌለ ወይም ቀይና ደካማ ከሆነ ለካንዴላው ኃይል የሚሰጠው ቦቢና ሲግል እየከዳ ይሆናል። እሳቱ ሰማያዊ ከሆነ የአየር ማጣሪያውን ክዳን አንሺ፤ ቾክ የምንለው ቅጠል በሞቀ ሞተር ላይ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ተኝቶ ካገኘሽው ቤንዚን እያነቃት ነው።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነት አይጨምርም።

መልስ፦ ፍሪሲዮን፣ የሞተሩን ጉልበት ወደ ማርሹ የሚያሳልፈው። ሌላ አትፈልግ።

ጥያቄ፦ ሃይሉክስ ቪጎ 2.5 ናፍጣ ናት። ብርድ ላይ ደህና፣ ስትሞቅ ጥቁር ጭስና ድካም። የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት አልበራም።

መልስ፦ የተቃጠለ ጭስ ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ቫልቭ፣ ኢጂአሩ፣ ካላት ከሱ ጀምር። ኮምፒውተሩ የሚከፍተው ሞተሩ ሲሞቅ ነው፤ ተከፍቶ በጥላሸት ከተያዘ አይዘጋም። ፈትቶ ማጽዳት ነው። ካልዳነች የነዳጁ ግፊት በማሽን ይነበብ፣ እየነዳሃት እንጂ ቆማ በሚኒሞ አይደለም።

ጥያቄ፦ እኔን ሞተር ይውረድ፣ ተፈትቶ ይታደስ ብለውኛል። ሲሞቅ ትንፋሽ አላት፣ ማለትም ጋዝ ከሲሊንደሩ ወደ ታች ያመልጣል አሉ።

መልስ፦ ትንፋሽ ያለው ሞተር ሁሉ አይወርድም። መጀመሪያ የቫልቮላ ክፍተቱ ይለካ፤ ጠቦ ከሆነ ቫልቮላው ሲግል ይረዝምና አይገጥምም፣ ጉልበትም ያኔ ይጠፋል። ከዚያ ኮምፕረሽን (የሲሊንደሮቹ ግፊት) ሞተሩ እንደሞቀ ይለካ፣ የአራቱም ሲሊንደር ቁጥር በወረቀት ይጻፍልህ። ሁለቱ ሳይደረጉ ቀብድ አትስጥ።