ጥያቄና መልስ፦ ከአኜዚ መጽሐፍ እስከ ቡል መርፌና ክር

ሴቶች በሂሳብ ትምህርት ታሪክ ስላላቸው ድርሻ ለቀረቡት ጥያቄዎች መልሶቹ እነሆ። ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ ካልኩለስን (ለውጥንና ስፋትን የሚያሰላውን የሂሳብ ዘርፍ) በመማሪያ መጽሐፍ ያዘጋጀች ሴት ነበረች ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ፤ የሚላኗ ማሪያ ጋኤታና አኜዚ (1718–1799)። በ1748 በሁለት ቅጽ ያሳተመችው መጽሐፍ ከ1,000 ገጽ ያልፋል። አንደኛው ቅጽ አልጀብራንና የኩርባዎችን ጂኦሜትሪ ይዟል፤ ሁለተኛው ካልኩለስን። በየቦታው ተበትኖ የነበረውን እውቀት ቅደም ተከተል አስይዛ፣ በምሳሌ እያብራራች፣ ያውም በላቲን ሳይሆን በጣልያንኛ ጻፈችው። «አዲስ ቲዎረም (በማስረጃ የተረጋገጠ የሂሳብ ሐሳብ) አላመጣችም» ብለው የሚያቃልሏት አሉ፤ ለጀማሪ መጽሐፍ ጽፎ የማያውቅ ሰው አነጋገር ነው።

ጥያቄ፦ «የአኜዚ ጠንቋይ» የሚባለውን ኩርባ ያገኘችው እሷ ናት?

መልስ፦ አይደለችም። የሂሳብ ሊቃውንቱ ፌርማና ግራንዲ ቀድመዋት አጥንተውታል። ስሙን ያበላሸው የመጽሐፏ እንግሊዛዊ ተርጓሚ ጆን ኮልሰን ነው፤ «ቬርሲዬራ» የሚለውን የኩርባ ስም «አቬርሲዬራ» (የሰይጣን ሚስት፣ ጠንቋይ) ከሚለው ጋር ያምታታው ይመስላል። ትርጉሙ የታተመው እሱ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1801 ነው።

ጥያቄ፦ በወረቀት እንዴት ይሳላል?

መልስ፦ ዲያሜትሩ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ሥሩ። ከላይ ጫፉ አግድም ታካኪ መስመር (ክቡን በአንድ ነጥብ ብቻ የሚነካ) አስምሩ። ከክቡ ታችኛ ጫፍ ቀጥታ መስመር አውጡና ክቡንና ታካኪውን የሚቆርጥባቸውን ነጥቦች ያዙ። ከታካኪው ነጥብ ወደ ታች፣ ከክቡ ነጥብ ወደ ጎን ስትሄዱ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ የኩርባው አንድ ነጥብ ነው። በተለያየ አቅጣጫ አሥር ያህል ጊዜ ደጋግሙት። ለማረጋገጥ፦ ከመሐል ወደ ጎን 2 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ ከክቡ ታችኛ ጫፍ ሲለካ ቁመቱ 3.2፣ 4 ርቆ 2፣ 8 ርቆ 0.8 መሆን አለበት። ካልሆነ በዲያሜትር ፈንታ ሬዲየስ ወስዳችኋል፤ የተለመደው ስህተት እሱ ነው።

ጥያቄ፦ አኜዚ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለች?

መልስ፦ በ1750 የሮማው ጳጳስ ቤኔዲክቶስ 14ኛ ለጣልያኑ ቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ሾሟት ነበር፤ ሄዳ አላስተማረችም።

ጥያቄ፦ ለሕፃናት የሚሆን ዘዴስ?

መልስ፦ የእንግሊዛዊቷ የሂሳብ አስተማሪ የሜሪ ኤቨረስት ቡል (1832–1916) የመርፌና ክር ሥራ አለ። ካርቶን ላይ ቀጤ ማዕዘን ሥሩ፤ በሁለቱም መስመሮች በየ1 ሳንቲ ሜትሩ ከማዕዘኑ ጀምራችሁ ከ1 እስከ 10 ቀዳዳ ብሱ። ክሩን ከአንዱ 1 ወደ ሌላው 10፣ ከ2 ወደ 9 እያላችሁ፣ ድምሩ ሁልጊዜ 11 እንዲሆን ወጥሩ። ክሮቹ ሁሉ ቀጥ ያሉ ሆነው ሳለ ዓይን የሚያየው የፓራቦላ (የተወረወረ ድንጋይ መንገድ የመሰለ ኩርባ) ቅርጽ ነው። 1ን ከ1፣ 2ን ከ2 ካገናኛችሁ ትይዩ መስመሮች ብቻ ይወጣሉ። ክሩ ከመጠን በላይ ከተወጠረ ደግሞ ካርቶኑ ይጎብጣል።