ትንሽ ከተማ የገባ ዶክተር እውቀቱ ይዝጋል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጆቹ። ሕክምና ጨርሼ የምሠራበትን ቦታ እየመረጥኩ ነው፣ ልቤ ያለው ትንሽ ከተማ ገብቶ ሁሉንም ማከም ላይ ነው። ጓደኞቼ ግን "እዛ ጉንፋንና ተቅማጥ ስታዪ ትኖሪያለሽ፣ የተማርሽው ሁሉ ይዝጋል፣ ስፔሻላይዝ ሳታደርጊም ትቀሪያለሽ" እያሉ ያስፈራሩኛል። ሰው እንደዛ ዓይነት ዶክተሮችን ሲወድ አያለሁ፣ ግን ኑሮው የእውነት ምን ይመስላል? (ግራ የገባት ተመራቂ)

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኞችሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፣ ጉንፋኑ አይቀርልሽም። "ይዝጋል" ያሉት ላይ ግን አልስማማም፣ ለምን እንደሆነ በአንድ ሰው ታሪክ ልንገርሽ።

ዊልያም ፒክልስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር፣ ዮርክሻየር ውስጥ ኤይስጋርዝ የምትባል ትንሽ መንደር ላይ ወደ 50 ዓመት ገደማ የሠራ። የተመራማሪ ቡድን የለው፣ ምን የለው፣ የነበረው ነገር ቢኖር መዝገብና ሰዎቹን ማወቅ ነው። ማን የማን ዘመድ እንደሆነ፣ የማን ልጅ ከማን ልጅ ጋር እንደሚማር፣ ማን ማታ ማታ ማን ቤት ብቅ እንደሚል ሳይቀር ያውቃል። በ1929 (የምጠቅሰው ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) አካባቢው ላይ ዓይን ቢጫ የሚያደርገው፣ እኛ የወፍ በሽታ የምንለው ገባ። በሽታው ከተያዝሽ በኋላ ስንት ቀን ቆይቶ እንደሚወጣ ያኔ በደንብ አይታወቅም ነበር። እና ፒክልስ አንድ ቀን ጠዋት አንዲት የቤት ሠራተኛ አሟት ተኝታ ያያታል፣ ቀኑ የመንደሩ ዓመታዊ በዓል ነው፣ እሷ ከሰዓት ተነስታ የሻይ ዕቃ ታጥባለች ብሎ ማን ይጠረጥራል፣ ግን ተነሳች አጠበች፣ ከወር ገደማ በኋላ አጠገቧ የነበሩት ሰዎች በተራቸው ታመሙ። እንዲህ እንዲህ እያለ አንዱን ከአንዱ እያገናኘ፣ ሚስቱም መዝገቡን እያገዘችው፣ በሽታው ከ26 እስከ 35 ቀን ተደብቆ እንደሚቆይ አወጣ። ዛሬ ሄፓታይተስ ኤ (የወፍ በሽታ ከሚያመጡት የጉበት ሕመሞች አንዱ) ላይ የተማርሽው አማካይ 28 ቀን አይደል? አየሽ፣ ሰውየው ብዙም አልሳተም።

ትልቅ ሆስፒታል ብትሆኚ ያቺ ልጅ አንድ ካርድ ናት፣ ዕቃ ያደረቀችላት ጓደኛዋ ደግሞ ከወር በኋላ ሌላ ተረኛ ጋ የምትገባ ሌላ ካርድ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው የለም። እኔ የትንሽ ከተማ ዶክተር ሀብቱ ይሄ ነው ባይ ነኝ። ፒክልስ ሥራውን በ1939 መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው፣ በኋላም የእንግሊዝ ጠቅላላ ሐኪሞች ኮሌጅ ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እሱ ሆነ። ሮበርት ኮክም ቢሆን በ1876 የአባ ሰንጋን ባክቴሪያ ሥራ ያሳየው ገና በርሊን ሳይገባ፣ ትንሽ ከተማ ላይ የወረዳ ሐኪም ሆኖ ነው፣ ሥራውን እየሠራ በተረፈው ሰዓት ማይክሮስኮፕ ላይ እየተደፋ።

አሁን ከባዱን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ፍቅሩን ብቻ አይቶ የሚገባ ሰው በዓመቱ ነው የሚሸሸው። በ1948 ላይፍ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ኧርነስት ሴሪያኒ ስለሚባል የ32 ዓመት ዶክተር በፎቶ አውጥቶ ነበር። ኮሎራዶ ውስጥ ክሬምሊንግ የምትባል ከተማ ላይ፣ ወደ 1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሆን ቦታ ለተበተኑ 2,000 ገደማ ሰዎች ያለው እሱ ብቻ ነው። እንደምንም ትንሽ እረፍት አግኝቶ ዓሣ ሊያጠምድ ይወጣል፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ፈረስ ጭንቅላቷን የረገጣት ትንሽ ልጅ መጣች ተብሎ ተጠራ፣ በቃ እረፍቱ አለቀ። ግንባሯን ሰፋ፣ ዓይኗን ግን ማዳን አልቻለም፣ ይሄንን ለወላጆቿ የሚነግረውም ሌላ ማንም ሳይሆን ራሱ ነው። ሌላው ፎቶ ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ኩሽና ውስጥ ቡና ይዞ ቆሟል፣ በወሊድ ምክንያት እናትም ልጅም ሞተውበት። ጠዋት ሲነሳ የሚያክመው የነዛኑ ሰዎች ጎረቤትና ዘመድ ነው። (እኔ እንዲህ ዓይነት ሌሊት አንድ እንኳ የምችል አይመስለኝም።)

ስለዚህ ስትመርጪ የከተማውን ትንሽነት ተዪውና እነዚህን ጠይቂ፦ ዕረፍት ስወጣ ማን ይተካኛል? ሌሊት አስቸጋሪ ነገር ሲገጥመኝ ስልክ የማነሳለት ስፔሻሊስት አለ? ሪፈር ያልኩት ሰው የት ይሄዳል፣ በምን? ለነዚህ መልስ ከሌለ ጓደኞችሽ የሚሉት ሊደርስ ይችላል፣ የሚያማክረው አጥቶ ብቻውን የቀረ ሐኪም እውነትም ወደኋላ ይቀራል። መልስ ካለ ግን ሂጂ፣ ደብተር ይዘሽ ሂጂ።

ጥያቄ፦ ለብዙ ዓመት ያከሙን ዶክተራችን ጡረታ ሊወጡ ነው። እናቴ "ሌላ ሰው አልሄድም" ብላ አስቸግራለች። ዶክተር ዶክተር ነው፣ መላመድ ብቻ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ እናትህ የዋዛ አይደሉም! ኖርዌይ ውስጥ ወደ 4.5 ሚሊዮን ሰው የተካተተበት በ2022 የታተመ ጥናት አለ፣ ከአንድ ጠቅላላ ሐኪም ጋር ከ15 ዓመት በላይ የቆዩ ሰዎች አንድ ዓመት ብቻ ከቆዩት ጋር ሲነጻጸሩ የመሞት ዕድላቸው 25 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፣ በድንገት ሆስፒታል መግባትም እንደዛው ቀንሷል። ምክንያቱ መተዋወቁ ብቻ ነው ብሎ መማል አይቻልም፣ ግን "መላመድ ብቻ" ብለህም አትናቀው።

ዶክተራችሁን ግን በጡረታቸው አታስጨንቋቸው። ከመውጣታቸው በፊት እናትህን ይዘህ ሂድና አዲሱ ዶክተር ባለበት አንድ ቀጠሮ እንዲያዩዋቸው ለምናቸው፣ እናትህም ሰውየውን በሳቸው በኩል ይተዋወቁታል። የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ከነማሸጊያው በፌስታል ይዘህ ሂድ፣ የትኛው መድኃኒት ድሮ እንዳልተስማማቸው ዶክተሩ በቃላቸው የሚያውቁትን ሁሉ ካርዱ ላይ ያጽፉልህ።